ስለ መብራትና ስለ ጨለማ ከላሊበላ ታሪክ የምንማረው

በዘመናችን አንድ ከተማ መሠልጠኑ የሚታወቀው በምሽት ነው። መንገዱ በአምፖል ካሸበረቀና ፎቁ በልዩ ልዩ ቀለም ካበራ እንግዳ ሁሉ «ይህስ ከተማ ነው» ይላል፤ መብራት የሌለበት ከሆነ ደግሞ «ገና በጨለማ ውስጥ ነው» ይባላል። ጨለማ የሚለው ቃል ራሱ የድንቁርና ስም፣ ብርሃን የሚለውም የዕውቀት ስም ሆኖ በየትምህርት ቤቱ መዝሙርና በየመጽሔቱ ርእስ ላይ ይገኛል። ይህ አነጋገር እውነትነት የለውም አይባልም፤ ነገር ግን እውነቱ ሙሉ አይደለም። ሰው ያለ ብርሃን ሊሠራና ሊማር እንደማይችል ሁሉ፣ ያለ ጨለማም በደኅና ሊተኛ ወይም ከዋክብትን ሊያይ አይችልም።

በዚህ ጽሑፍ ስለ ከተማ መብራትና ስለ ሌሊት ጨለማ፣ ከላሊበላና ከላስታ ታሪክ በመነሣት ጥቂት ለመግለጥ እንሞክራለን። ጥያቄያችን ሁለት ነው። አንደኛው፣ ጨለማ ውበትና ጥቅም አለው ወይ የሚል ነው። ሁለተኛውና የሚበልጠው ደግሞ፣ ውበት አለው ከተባለ ሰው በጨለማ እንዲኖር የሚወስነው ማን ነው የሚል ነው። ላሊበላን የመረጥንበት ምክንያት ሁለቱም ጥያቄዎች፣ አንዱ በጥንት ዘመን ሌላውም በቅርብ ጊዜ፣ በዚያች ከተማ ላይ በግልጥ ስለ ታዩ ነው።

ላሊበላ በሰሜን ወሎ፣ በላስታ ደጋ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት። የጥንት ስሟ ሮሐ ነበር፤ በኋላ ግን ከ12ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ እስከ 13ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በነገሠው በዛጔው ንጉሥ፣ በቅዱስ ላሊበላ ስም ተጠራች። ከአለት ተፈልፍለው የታነጹት 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት በ1970 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ውስጥ ገብተዋል።

ስለ አብያተ ክርስቲያናቱ አሠራር በሕዝቡ ዘንድ የሚነገረው ትውፊት ለጉዳያችን ጥሩ መነሻ ይሆናል። ቀን ቀን ሰዎች አለቱን ሲጠርቡ ይውላሉ፤ ሌሊት ደግሞ መላእክት ተተክተው ሲሠሩ ያድራሉ፤ ሠራተኞቹም ሲነጋ ተመልሰው ሲመጡ ትተውት ከሄዱት በላይ ተሠርቶ ያገኙታል ይባላል። ቤተ አባ ሊባኖስንም የንጉሡ ባለቤት መስቀል ክብራ በመላእክት ረዳትነት በአንዲት ሌሊት እንዳሠራችው ይተረካል። የታሪክ ተማሪ እንዲህ ያለውን ትውፊት በታሪክ ሚዛን መመዘን አለበት። ሆኖም ትውፊቱ የላስታ ሰው ሌሊትን እንዴት ይመለከተው እንደ ነበር በደንብ ያስረዳናል። ሌሊት ለእርሱ ባዶ ጊዜ አልነበረም፤ ሰው የማያየው ሥራ የሚሠራበት ጊዜ ነበር።

ሌላው ትውፊት የንጉሡን ልደት የሚመለከት ነው። በተወለደ ጊዜ ንቦች ከበቡት፤ ስለዚህም ላሊበላ ተባለ፤ ትርጓሜውም ንብ ንጉሥነቱን ዐወቀለት ማለት ነው ይላሉ። ንብ ደግሞ ለላስታ ሰው ማር ብቻ ሳይሆን ብርሃንም ይሰጥ ነበር። ሰሙ በጥጥ ፈትል ላይ ሲለበጥ ጧፍ ይሆናል፤ ካህናቱ በሌሊት ማኅሌት ቆመው መጻሕፍቱን የሚያነቡት፣ ምእመናንም ለስእለት የሚያገቡት ይኸው ጧፍ ነው። የጧፍ ብርሃን ትንሽ ነው። የሚነበበውን ገጽ፣ የአንባቢውን ፊትና በቅርብ ያለውን ሥዕል ያሳያል፤ የቀረውን ለጨለማ ይተወዋል። የብዙ ንብ ድካም የፈሰሰበት ስለ ሆነም ያለ ጉዳይ አይበራም፤ ጉዳዩ ሲያልቅም ይጠፋል።

የአብያተ ክርስቲያናቱም አሠራር ከዚህ ልማድ ጋር ይስማማል። መስኮቶቻቸው ትንንሾች ናቸው፤ ከመካከላቸውም በመስቀል ቅርጽ የተፈለፈሉ አሉ። ሰው ከደጅ ወደ ቅኔ ማኅሌት፣ ከቅኔ ማኅሌትም ወደ ቅድስቱ ሲጠጋ ጨለማው እየበረታ ይሄዳል። በቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ወገን ደግሞ ሲኦል የሚባል የዋሻ መንገድ አለ። ተጓዡ በዚህ መንገድ የሚያልፈው መብራቱን አጥፍቶ፣ ግድግዳውን በእጁ እየዳሰሰ ነው። መንገዱ የኩነኔን ጨለማ እንዲያሳስብ፣ መጨረሻውም የመዳንን ደስታ እንዲያሳይ የታሰበ ነው ይባላል። በዚያ ዋሻ ውስጥ አምፖል ቢሰቀል ለእግር ይመቻል፤ ትምህርቱ ግን ይጠፋል።

በቤተ ማርያም ውስጥም ዐምደ ብርሃን የሚባል በጨርቅ የተሸፈነ ዓምድ አለ። ያለፈውና የሚመጣው ነገር ተጽፎበታል፤ ጥንት ያበራ ነበር፤ ሰው ሊያየው የማይገባ ስለ ሆነ ተሸፈነ እየተባለ ይነገራል። የትውፊቱ ባለቤቶች የብርሃን ዓምድ ብለው የሰየሙትን ነገር በመሸፈናቸው፣ ብርሃንም ቢሆን ልክ እንዳለው ማመናቸውን እንረዳለን።

ከላሊበላ በስተሰሜን በተራራው ዋሻ ውስጥ የታነጸው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ከዚያው ከዛጔ ዘመን የተገኘ ሌላ ምስክር ነው። ግድግዳው ጥቁር እንጨትና ነጭ ልስን እየተፈራረቀበት የተሠራ ነው። በዋሻው አፍ የሚገባው ጥቂት ብርሃን በነጩ ልስን ላይ ሲያርፍ ሕንጻው ከጨለማው መካከል ብቅ ብሎ ይታያል። እነዚያ ባለሙያዎች ጨለማን እንደ ድንጋይና እንደ እንጨት ለሥራቸው ተገለገሉበት እንጂ ሊያባርሩት አልሞከሩም።

ይህ ሁሉ በአንድ ላይ ተሰብስቦ የሚታየው በገና ሌሊት ነው። የጌታ ልደት የሚከበርበት ታኅሣሥ 29 ቀን የቅዱስ ላሊበላም የልደት ቀን ሆኖ ስለሚከበር፣ ምእመናን ከሩቅ አገር ሳይቀር በእግር ተጕዘው ይመጣሉ። ነጠላቸውንና ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ሻማና ጧፍ ይዘው በአለቱ ዙሪያ ያድራሉ። ሲነጋም ካህናቱ ከፊሎቹ በቤተ ማርያም ዙሪያ ባለው ከፍታ ላይ፣ ከፊሎቹም ከታች በቅጥሩ ውስጥ ቆመው «ቤዛ ኩሉ»ን እየተቀባበሉ ይዘምራሉ። የዚህ በዓል ውበት ከጧፉ ብቻ የሚመጣ አይደለም። ያንኑ ጧፍ በቀትር ቢያበሩት ማንም ዘወር ብሎ አያየውም። ውበቱን የሚሰጠው ጨለማውና ብርሃኑ በአንድነት መገኘታቸው ነው።

እስከዚህ ድረስ ስለ ጨለማ ውበት ተናገርን። ነገር ግን የጥንቱ ኑሮ ሁሉ ማኅሌትና በዓል አልነበረም። ከበዓሉ ማግስት ገበሬው ወደ ጎጆው ይመለሳል፤ በዚያም የሚጠብቀው የምድጃ እሳትና ኋላም የኩራዝ ጭስ ነው። ልጁ በኩራዝ ሲያጠና ዓይኑን ያመዋል፤ ሴቲቱ ሌሊት ምጥ ሲይዛት የሚያዋልዷት ሰዎች በዳሰሳ ይሠራሉ፤ ከብት ከበረት ቢወጣ ለጅብ ይሆናል። እንዲህ ያለውን ጨለማ የሰው ልጅ ሊያሸንፈው መጣሩ የሚያስመሰግነው ሥራ ነው።

የጥረቱም ታሪክ ባጭሩ እንዲህ ነው። ፓሪስ በሉዊ 14ኛ ዘመን፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1667፣ በየመንገዷ ፋኖስ መስቀል ጀመረች፤ ሥራው የተሰጠው ለከተማው የፖሊስ ሹም መሆኑ ዓላማው ከማሳመር ይልቅ ሌባን ለመከላከል እንደ ነበር ያስረዳል። በ1807 በለንደን ፓል ማል በሚባለው መንገድ የጋዝ መብራት በራ። በ1882 ደግሞ ቶማስ ኤዲሰን በኒውዮርክ፣ በፐርል መንገድ ላይ፣ ለከተማ ቤቶች ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍል ማመንጫ ከፈተ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1890 ዓ.ም. ገደማ ቤተ መንግሥታቸውን በኤሌክትሪክ አስበሩ። በ1904 ዓ.ም. ገደማ በአቃቂ ወንዝ ላይ በውሃ ኃይል የሚሠራ ማመንጫ ቆመ። በ1948 ዓ.ም. የመብራት ኃይል ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ በ1952 ዓ.ም. 43 ሜጋዋት ያህል የሚያመነጨው የቆቃ ግድብ ሥራ ጀመረ። በአዲስ አበባ ቤታቸው መብራት የሌለ ተማሪዎች ከመንገድ መብራት ሥር ቆመው ያጠኑ እንደ ነበር ከብዙ አዛውንት አፍ ይሰማል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት ዐቅም አለው፤ ይህም ከቆቃ መቶ እጥፍ የሚበልጥ ነው። ይህም ሁሉ ሆኖ ከአገራችን ሕዝብ ግማሽ የሚጠጋው ገና የኤሌክትሪክ መብራት አላገኘም።

እንግዲህ ኤሌክትሪክ ወደ ላሊበላም ገብቶ፣ ወፍጮውም ሆቴሉም በእርሱ መሥራት ከለመደ በኋላ፣ ከተማዋ ብርሃን ማጣት ምን እንደ ሆነ በመራራ መንገድ ተማረች። በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት ላሊበላ በሐምሌ ወር መጨረሻ 2013 ዓ.ም. በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገባች፤ በኅዳርና በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ከእጅ ወደ እጅ ከተላለፈች በኋላ በመንግሥት ሠራዊት ተያዘች። መብራቱ ግን ከሠራዊቱ ጋር አልተመለሰም። ከተማዋ ኃይል የምታገኘው በአላማጣ በኩል በሚመጣ መሥመር ስለ ነበር፣ ተኵሱ ከራቀ በኋላም ለብዙ ወራት ያለ ኤሌክትሪክ ቆየች። በኤሌክትሪክ የሚሠራው ወፍጮ ቆመ፤ ውሃ የሚስበው ሞተርም ቆመ፤ የጤና አገልግሎቱ ተጎዳ፤ በእንግዳ የሚተዳደረው ሕዝብ እንግዳ አጣ።

በእነዚያ ወራት በላሊበላ ሰማይ ላይ ከዋክብት አልጠፉም። ነገር ግን ወፍጮ አጥታ እህል በድንጋይ ለምትፈጭ እናት፣ ወይም በሽተኛ ይዞ ብርሃን ለሌለው ሐኪም፣ የሌሊቱን ውበት አድንቁ ብሎ መንገር ስድብ ይሆናል። ጨለማው በሲኦል ዋሻ ውስጥ ካለው ጨለማ ጋር በመልኩ አንድ ነው፤ በትርጕሙ ግን ፈጽሞ ይለያል። በዋሻው የሚያልፈው ተጓዥ መብራቱን ያጠፋው ራሱ ነው፤ ሲሻም ያበራዋል፤ ከጥቂት እርምጃ በኋላ እንደሚወጣም ያውቃል። የከተማው ሰው ግን ጨለማው የተጫነበት ነው፤ መቼ እንደሚያልፍለትም አያውቅም ነበር። ሰው በፈቃዱ የመረጠው ጨለማ ለጸሎትና ለዕረፍት ይሆናል፤ ያለ ፈቃዱ የተጫነበት ጨለማ ግን እጦት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዋና ሐሳብም ይኸው ነው።

ከዚህ የተነሣ አንዳንድ ጎብኚዎች የሚናገሩት ነገር ሲመረመር ጎዶሎነቱ ይታያል። «ላሊበላ ውበቷ እንዳይጠፋ መብራት ባይበዛባት፣ ሕዝቡም እንደ ጥንቱ በጧፍ ቢኖር ይሻል ነበር» የሚሉ አይጠፉም። እንዲህ የሚሉት ሰዎች ወደ አገራቸው ሲመለሱ ግድግዳውን ነክተው መብራት የሚያበሩ ናቸው። የአንዱ ደስታ በሌላው እጦት ላይ ሊቆም አይገባም። የላስታ ልጅ እንደ ማንኛውም ልጅ ማታ የማጥናት መብት አለው።

ይሁን እንጂ ያለ ፈቃድ የሚጫነው ጨለማ ብቻ አይደለም፤ ብርሃንም ሊጫን ይችላል። አንድ ሰው ለንግዱ ማስታወቂያ የሚያበራው ኃይለኛ መብራት የጎረቤቱን እንቅልፍ ይወስዳል። ወደ ሰማይ የሚተፋ አምፖል ለማንም መንገድ ሳያሳይ የሁሉንም ከዋክብት ይሸፍናል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2016 የወጣ የሊቃውንት ጥናት እንዳስረዳው፣ ከዓለም ሕዝብ ከሦስት እጅ አንዱ የሚበልጠው ፍኖተ ሐሊብን፣ ማለት እንደ ወተት የነጣውን የከዋክብት መንገድ፣ ከሚኖርበት ቦታ ሆኖ ሊያየው አይችልም። ያጠፋበትም ደመና አይደለም፤ የከተማ መብራት ነው።

ይህ ነገር ለአገራችን ሩቅ አይደለም። ከ2005 እስከ 2007 ዓ.ም. ባለው ጊዜ በእንጦጦ ተራራ ላይ፣ 3,200 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ቦታ፣ የመስተዋታቸው ስፋት አንድ አንድ ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች ያሉት የከዋክብት መመልከቻ ተከፈተ። ለኢትዮጵያ ትልቅ ክብር ነው፤ ነገር ግን ከእግሩ ሥር የተዘረጋው አዲስ አበባ ነው። የከተማው መብራት በበዛ ቍጥር ሰማዩ እየፈዘዘ ይሄዳል። ስለዚህ የሥነ ፈለክ ሊቃውንቶቻችን ከዚያ የሚበልጥ መመልከቻ ለመሥራት ሲያስቡ ዓይናቸውን የጣሉት በላሊበላ ዙሪያ ባሉት ተራሮች ላይ ነው። እነዚህ ተራሮች ከፍ ያሉ ናቸው፤ ከመካከላቸው አቡነ ዮሴፍ ከ4,200 ሜትር በላይ ይደርሳል። አየሩ የጠራ፣ ሌሊቱም ከከተማ ብርሃን የራቀ ነው። ድሮ የድኽነት ምልክት ብቻ ተደርጎ ይታይ የነበረው የላስታ ጨለማ፣ ዛሬ የዕውቀት ሰዎች ፈልገው የማያገኙት ሀብት ሆኗል ማለት ነው።

ታዲያ ላሊበላ ከመብራትና ከሰማይ አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንባታልን? አይሆንባትም። ለዚህም ምሳሌ የሚሆን ከተማ በአሜሪካ፣ በአሪዞና ይገኛል፤ ስሙም ፍላግስታፍ ነው። በተራራማ አገር የተቈረቈረ ሲሆን፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1894 የከዋክብት መመልከቻ ተሠርቶበታል፤ ፕሉቶም በ1930 የተገኘው ከዚያ ነው። የከተማው ምክር ቤት በ1958 ወደ ሰማይ የሚወረወር የማስታወቂያ መብራትን የሚከለክል ደንብ አወጣ፤ በ2001ም ከተማው ጨለማ ሰማይን በመጠበቅ በዓለም የመጀመሪያው ተብሎ ተሰየመ። ሕዝቡ ግን በጨለማ አልኖረም። መንገዱም ቤቱም ይበራል፤ ደንቡ ያዘዘው መብራቱ ክዳን እንዲኖረው፣ ወደ ምድር እንዲያይና ከሚያስፈልገው በላይ እንዳይሆን ነው። ፈረንሳይም በ2013 ባወጣችው ድንጋጌ የሱቅ መስኮቶች መብራት ቢዘገይ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ እንዲጠፋ አዛለች።

አንዳንድ ሰው «መብራት ከቀነሰ ሌባ ይበዛል፤ ልጃገረዶችም ከማታ ትምህርት ሲመለሱ ይፈራሉ» ብሎ ይቃወም ይሆናል። ተገቢ ሥጋት ነው፤ ሊናቅም አይገባም። ነገር ግን ፍርሃትን የሚያርቀው የብርሃን ብዛት ሳይሆን የተገባ ቦታ መብራት ነው። ዓይን ላይ የሚያንጸባርቅ ኃይለኛ አምፖል ከጀርባው ያለውን ጥላ ይበልጥ ያጨልመዋል፤ የሚያልፈውም ሰው በጥላው ውስጥ የቆመውን አያይም። ወደ መንገዱ ብቻ የሚያይ መጠነኛ መብራት ግን የሰውን ፊትና የእግርን መረገጫ ያሳያል። የማታ ተማሪዋ የምትሄድበት መንገድ ጨለማ ሆኖ፣ ማንም የማያልፍበት አጥር በቀይና በሰማያዊ ቢያሸበርቅ፣ ጥፋቱ የመብራት ማነስ ሳይሆን የአሳብ ማነስ ነው።

ስለዚህ ለማንኛውም የአገራችን ከተማ፣ ይልቁንም ለላሊበላ፣ ሦስት ነገሮች ይበጃሉ ብለን እናስባለን። መጀመሪያ፣ መብራት ቅድሚያ የሚገባው ለሚያስፈልገው ነው፤ ይኸውም ለጤና ጣቢያው፣ ለወፍጮው፣ ለውሃው ሞተር፣ ለተማሪው ቤትና ለመንገደኛው ነው፤ ማጌጫው ከዚህ በኋላ ይምጣ። ሁለተኛ፣ የሚተከለው መብራት ሁሉ ክዳን ኖሮት ወደ ምድር ይይ፤ ይህ ከተተከለ በኋላ ከማስተካከል ይልቅ በመጀመሪያው ቀን ቢደረግ ይቀላል። ሦስተኛ፣ ከአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ፣ በተለይም በበዓላት ሌሊት፣ ምን ያህል ይብራ ምን ያህልስ ይጥፋ የሚለውን ካህናቱና የከተማው ሕዝብ ራሳቸው ተመካክረው ይወስኑ እንጂ እንግዳ ወይም ነጋዴ አይወስንላቸው።

ይህ አዲስ ትምህርት አይደለም። የላስታ ካህን ጧፉን የሚያበራው ለሚነበበው ገጽ ነበር፤ ንባቡ ሲያልቅ ያጠፋዋል። በኤሌክትሪክ ዘመን የምንኖር ተማሪዎችም ይህንኑ ልማድ ብንይዝ አገራችን ከሁለት ጉዳት ትድናለች፤ መብራት አጥታ ከመቸገር፣ መብራትም ኖሯት በከንቱ ከማባከን። ዛሬ በየክፍሉ ተቀምጠው የሚማሩት ወጣቶች ነገ መሐንዲሶች፣ የከተማ ሹማምንትና የመብራት ኃይል ሠራተኞች ይሆናሉ። በዚያን ጊዜ በአንድ ቀበሌ ምሰሶ ሲያስተክሉ «ይህ መብራት የሚበራው ለማን ነው?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ በስም የሚታወቅ ሰው ወይም ሥራ ከሆነ ይትከሉት፤ መልስ ከጠፋ ግን ያንን ኃይል ገና ኩራዝ ወደሚያበራው ቤት ይውሰዱት፤ በተረፈው ቦታም ሌሊቱ ሌሊት ሆኖ ይቆይ።